ቢጫዋ እንቁራሪት መርዟን ከየት አመጣችው?

ጥያቄው የደረሰኝ አሜሪካ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «የ14 ዓመት ልጄ ወርቃማ መርዛም እንቁራሪት ካልገዛሽልኝ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አንዷ እንቁራሪት አሥር ሰው ትገድላለች ይላል። ሻጩ ደግሞ እዚህ የተፈለፈለች ስለሆነች መርዝ የሚባል ነገር የላትም ይለኛል። ማንን ልመን? እንዲህ መርዛም ከሆነችስ ራሷን ለምን አትገድልም?»

እህቴ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ጫካ ውስጥ ያደገችው ወርቃማ እንቁራሪት በምድር ላይ ካሉ እጅግ መርዛም እንስሳት አንዷ ናት። መስታወት ሳጥን ውስጥ ተፈልፍላ ያደገችው ልጇ ግን ያ መርዝ የላትም። ዝርያቸው አንድ ነው፤ መልካቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በበሉት ምግብ ነው። ሥራዬ የተፈጥሮ መርዞችን ማጥናት ነው፤ እንደዚህች እንቁራሪት የሚያስደንቀኝ ፍጥረት ጥቂት ነው። ስለዚህ መልሱን ዘለግ ባደርገው አይፍረዱብኝ።

መጀመሪያ አገሯን እንወቅ። ብዙ ሰው የአማዞን እንስሳ ትመስለዋለች፤ አይደለችም። የምትኖረው ከአንዲስ ተራሮች ወዲያ፣ በኮሎምቢያ የፓሲፊክ ዳርቻ ነው። እዚያ ካውካ በሚባለው ግዛት ሳይሃ የሚባል ወንዝ አለ። በዚያ አካባቢ በዓመት አምስት ሜትርና ከዚያ በላይ ዝናብ ይወርዳል። ሚሊሜትር አላልኩም፤ ሜትር ነው። ዝቅ ያለ፣ ሞቃትና ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ጫካ ነው። እንቁራሪቷ የምትገኘው በዚህና በአቅራቢያው ባሉ ጥቂት ወንዞች ዙሪያ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ በዓለም ላይ የትም በዱር የለችም።

ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1978 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቻርለስ ማየርስ፣ ጆን ዴሊና ቦሪስ ማልኪን የተባሉ ሦስት ሰዎች ፊሎባቴስ ቴሪቢሊስ ብለው ሰየሟት። በርግጥ የአገሩ ሰዎች ኤምቤራዎች ከእነሱ ቀድመው አሳምረው ያውቋት ነበር። ኤምቤራዎች በአፍ በሚነፋ ረጅም ቱቦ ያድናሉ። ቱቦው ውስጥ የሚገባው ቀጭን ፍላጻ ጫፉ መርዝ ይቀባል። አቀባቡን ልንገርዎት። አዳኙ እጁን በቅጠል ጠቅልሎ እንቁራሪቷን ይይዛታል። መሬት ላይ ጫን አድርጎ የፍላጻውን ጫፍ ጀርባዋ ላይ ወዲያ ወዲህ ያሻል። በቃ ይሄው ነው። ከዚያ ይለቃታል። እሷም ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ፍላጻው ደርቆ ከዓመት በላይ ቢቀመጥ እንኳ ኃይሉ አይጠፋም። በአካባቢው ለዚህ ሥራ የሚውሉ ሌሎች ሁለት ዘመዶቿ አሉ። መርዛቸው ያነሰ ስለሆነ እነሱን በእንጨት ወግቶ እሳት ዳር በመያዝ ነው መርዙን የሚያወጡት። ሁሉም የደቡብ አሜሪካ ባለቀለም እንቁራሪት ለፍላጻ ይውላል የሚባለው ወሬ ስህተት ነው። በእርግጠኝነት የተመዘገቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

መልኳን ልጅዎ ያውቀዋል፤ ለእርስዎ ልግለጸው። ትልቋ አምስት ሴንቲሜትር ብትደርስ ነው። ከራሷ እስከ እግሯ አንድ ወጥ ቢጫ ናት፤ ብርቱካናማ የሆኑና አረንጓዴ የሚመስሉም አሉ። ዓይኗ ጥቁር ነው። ልጅ ሳለች ግን እንዲህ አይደለችም። ጥቁር ሆና ጀርባዋ ላይ ሁለት ቢጫ መስመር አላት። እያደገች ስትሄድ ቢጫው እየሰፋ ጥቁሩን ይውጠዋል። በቀን ትወጣለች፣ በቅጠሉ ላይ ዘና ብላ ትሄዳለች፤ ሰው ሲመጣ እንደ ሌሎቹ አትደነግጥም። አባትየው ደግሞ የሚደነቅ ነው። እንቁላሉ መሬት ላይ ቅጠል ውስጥ ይጣላል። ሲፈለፈል ጭራ ያላቸውን ጨቅላዎች አባትየው ጀርባው ላይ ጭኖ ውሃ ወዳለበት ያደርሳቸዋል።

አሁን ወደ አሥሩ ሰው እንምጣ። የመርዙ ስም ባትራኮቶክሲን ነው። አንዷ የዱር እንቁራሪት ቆዳ ላይ እስከ አንድ ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ሊገኝ ይችላል። አንድ ሚሊግራም ማለት ጥቂት የጨው ቅንጣት ያህል ነው። በአይጥ ላይ በተደረገው ሙከራ በአንድ ኪሎ ክብደት 2 ማይክሮግራም ገደማ ሲወጉ ግማሾቹ ሞተዋል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ወደ ሰው ክብደት ሲያሰሉት ለአንድ ሰው ከ200 ማይክሮግራም በታች ይበቃል የሚል ግምት ተገኘ። አሥር ሰው የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ዓይነት ስሌት ነው። ሰው ላይ ተሞክሮ የተገኘ አይደለም፤ ሊሞከርም አይችልም። ቢሆንም ስሌቱ የዋዛ አይደለም። የ1978ቱ ተመራማሪዎች መርዙ የነካውን ነገር የነኩ ዶሮና ውሻ እንደሞቱባቸው ጽፈዋል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መርዙ ጉዳት የሚያደርሰው ደም ውስጥ ሲገባ ነው። በቁስል፣ በጭረት፣ በአፍ ወይም በዓይን። እንቁራሪቷ እንደ እባብ አትነክስም፣ አትወጋም። መርዙን የምትይዘው የሚበላትን ለመመለስ ነው። ያም ሆኖ ኤሪትሮላምፕረስ ኤፒኔፌለስ የሚባል አንድ እባብ አለ፤ እሱ ትንንሾቹን ሲበላ ታይቷል። ሌላው ሁሉ ይርቃታል።

መርዙ እንዴት ይሠራል? ነርቮቻችንና ጡንቻዎቻችን የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው። በእያንዳንዷ የነርቭ ሕዋስ ግድግዳ ላይ ሶዲየም የሚያስገቡ በጣም ጥቃቅን በሮች አሉ። በሩ ለቅጽበት ይከፈታል፣ ሶዲየም ይገባል፣ መልእክቱ ያልፋል፣ በሩ ይዘጋል። ባትራኮቶክሲን በሩ ሲከፈት ሰተት ብሎ ይገባና መዝጊያውን ይይዘዋል። በሩ ተከፍቶ ይቀራል። ሕዋሱ ሌላ መልእክት ማስተላለፍ አይችልም። ጡንቻ ተኮማትሮ ይቀራል፣ ልብ ምቱ ይዛባና ይቆማል። እስካሁን ማርከሻ የለውም። የሚገርመው፣ ፉጉ በሚባለው የጃፓን ዓሣ ውስጥ ያለው ቴትሮዶቶክሲን ተቃራኒውን ይሠራል፤ ያው በር እንዳይከፈት ይደፍነዋል። በቤተ ሙከራ ሁለቱን ሲያገናኙ ቴትሮዶቶክሲን የባትራኮቶክሲንን ሥራ ያከሽፋል። ሁለቱም ለየብቻቸው ገዳይ ስለሆኑ ግን ይህን እንደ መድኃኒት የሚያስብ የለም።

«ራሷን ለምን አትገድልም?» ላሉት፣ ይህ ጥያቄ የሙያው ሰዎች ዛሬም የሚከራከሩበት ነው። በ1980 ዴሊና ባልደረቦቹ የእንቁራሪቷን ጡንቻና ነርቭ ወስደው ባትራኮቶክሲን አደረጉበት። ምንም አልሆነም። ቤት ውስጥ ተወልዳ መርዝ ቀምሳ የማታውቀዋም እንደዚያው ሆነች። መቋቋሙ ከእናቷ ይዛው የምትወለደው ነው ማለት ነው። በ2017 ሁለት ተመራማሪዎች እንቁራሪቷ ላይ የታየ አንድ ትንሽ የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ለውጥ በአይጥ የሶዲየም በር ላይ ሲያደርጉ በሩ መርዙን ተቋቋመ። ነገሩ ያለቀለት መሰለ። በ2021 ግን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የዳንኤል ማይነር ቡድን የእንቁራሪቷን የራሷን በር አውጥቶ ሲፈትን በመርዙ ተጠቃ። እናም ሌላ መልስ ቀረበ። ሰውነቷ ውስጥ መርዙን አጥምዶ የሚይዝ፣ በሩ ጋ እንዳይደርስ የሚያደርግ ፕሮቲን መኖር አለበት። በ2023 ደግሞ ስታንፎርድ ያለው የሎረን ኦኮኔል ቡድን በሌሎች መርዛም እንቁራሪቶች ደም ውስጥ አልካሎይድ (ባትራኮቶክሲንም የሚመደብበት የመርዝ ዓይነት) የሚይዝ እንዲህ ያለ ፕሮቲን አገኘ። የእኔ ፍርድ ወደዚህኛው ያደላል። መርዙን ከአንጀት እስከ ቆዳ በደም መውሰድ ስላለባት፣ በመንገድ ላይ የሚይዝላት ነገር ያስፈልጋታል።

ከአንጀት እስከ ቆዳ አልኩ አይደል? ዋናው ነገር እዚህ ነው። መርዙን እሷ አትሠራውም፤ ትበላዋለች።

ጥርጣሬው የጀመረው ቤት ውስጥ ከተፈለፈሉት ነው። የፍራፍሬ ዝንብና ትንንሽ ፌንጣ እየተሰጣቸው ያደጉት ባትራኮቶክሲን የላቸውም። ከጫካ የመጡት ግን ምግባቸው ቢቀየርም መርዛቸው እየቀነሰ ለዓመታት ይቆያል። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላው ማስረጃ የመጣው ከሃዋይ ነው። በ1932 ከፓናማ አረንጓዴና ጥቁር መርዛም እንቁራሪቶች አምጥተው ኦዋሁ ደሴት ላይ ለቀቁ። ትንኝ እንዲበሉ ነበር የታሰበው። ከብዙ ዓመት በኋላ ዴሊ የልጅ ልጆቻቸውን ሲመረምር የቆዳቸው መርዝ ፓናማ ካሉት ዘመዶቻቸው ተለይቶ አገኘው። የዘር ሐረጋቸው ያው ሆኖ፣ የሚበሉት ነፍሳት ስለተለየ መርዛቸው ተለየ። ቤት ውስጥ ዝንብ እየበሉ ያደጉት ምንም አልነበራቸውም። ከጫካ መሬት የተሰበሰቡ ነፍሳት የተሰጧቸው ግን አልካሎይዱን ቆዳቸው ላይ አከማቹ። ከዚህ በኋላ ብዙ ክርክር አልቀረም።

በጣም የምወደው ታሪክ ግን የወፏ ነው። ጃክ ደምባከር የተባለ ወጣት ተመራማሪ ኒው ጊኒ ውስጥ በመረብ ወፍ ይይዝ ነበር። ፒቶሁይ የሚባሉ ብርቱካናማና ጥቁር ወፎች መረቡ ውስጥ ገብተው ሲያወጣቸው እጁን ቧጨሩት። ደሙን ለመጥረግ ጣቱን አፉ ውስጥ ሲከት ምላሱ ነደደ፣ ከዚያ ደነዘዘ። የአካባቢው ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ወፏን ቆዳዋን ሳይገፉ የሚበላት የለም። ላባው አሜሪካ ተልኮ ዴሊ ጋ ደረሰ። ዴሊ ሲመረምረው የእንቁራሪቷን መርዝ ቤተሰብ አገኘ። በኮሎምቢያና በኒው ጊኒ መካከል ሙሉ ፓሲፊክ ውቅያኖስ አለ። ግኝቱ በ1992 ታተመ። በ2004 ደግሞ ሄሮዋና የሚባል መንደር ነዋሪዎች ባሳዩት መሠረት ኮሬሲን የሚባሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች በዚሁ መርዝ የተሞሉ ሆነው ተገኙ። ወፎቹ እነሱን ነው የሚበሉት። የእነዚህ ጥንዚዛዎች ዘመዶች ደቡብ አሜሪካም ስላሉ፣ የእንቁራሪቷም ምንጭ እነሱ ናቸው የሚለው ግምት ከሁሉ የበረታ ነው።

ከሌላ ተውሶ መርዛም መሆን በአገራችንም አለ። መረንዝ የሚባለውን ዛፍ የሚያውቁ አንባቢዎች ይኖራሉ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የቀስት መርዝ የሚሠራበት ነው። በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች የሚኖር አንድ ጸጉራም ትልቅ አይጥ የዚህን ዛፍ ልጥ ያኝክና ምራቁን ጎኑ ላይ ያሉ ልዩ ጸጉሮች ላይ ይቀባል። ይህን አይጥ የነከሰ ውሻ ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። በ2012 የታተመ ጥናት ጸጉሮቹ ውጫቸው ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ መርዙን እንደሚመጥጡ አሳይቷል። ይህ አይጥ ከእንቁራሪቷ ባልተናነሰ ሊጠና ሲገባው የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ይቆጨኛል።

እንግዲህ ወደ ሻጩ እንመለስ። «እዚህ የተፈለፈለች ናት» ካለዎት ቃሉ ከሳይንሱ ጋር ይስማማል። ጥያቄው በእርግጥ እዚያ መፈልፈሏ ላይ ነው። ይያዙልኝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ይመጣል፤ ከጫካ የተሰረቀች እንቁራሪት ለዓመታት መርዟን ይዛ ትቆያለች። ዓይን አይቶ ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው ወረቀት ብቻ ነው።

የስርቆቱ ነገር ያንገበግባል። በጥር ወር 2024 ቦጎታ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንዲት ሴት ሻንጣዋ ውስጥ 130 መርዛም እንቁራሪቶች ይዛ ተያዘች። በፎቶ ፊልም ማስቀመጫ ትንንሽ ዕቃዎች ውስጥ ነበር የታጨቁት። ውሃ አጥተው ተጎሳቁለዋል። በዚህ ንግድ ዋናዎቹ ተጠቂዎች የእኛይቱ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ከመካከላቸው በአንቺካያ ሸለቆ የምትገኘው የሌማን እንቁራሪት ከመጥፋት አፋፍ ላይ ናት። እሷን ማርባት ከባድ ነው። እናትየው ጨቅላዎቿን የምትመግበው ራሷ የምትጥለውን ያልዳበረ እንቁላል ነው፤ የሰው እጅ ያን በቀላሉ አይተካውም። ወርቃማዋ ግን ሳጥን ውስጥ በደንብ ትራባለች። ይህ ለእሷ መልካም ዕድል ነው፤ ከጫካ የሚሰርቃት ሰው ምክንያት የለውም። ኮሎምቢያ ውስጥ ቴሶሮስ ደ ኮሎምቢያ የሚባል ድርጅት በሕጋዊ ፈቃድ እንቁራሪቶችን እያራባ ወደ ውጭ ይልካል። ሐሳቡ በሕጋዊ መንገድ የተራቡት ገበያውን ሲሞሉ የስርቆቱ ዋጋ እንዲወድቅ ነው። ሁሉም ባልደረቦቼ አይስማሙበትም፤ እኔ ግን እደግፈዋለሁ። እከለክላለሁ ብሎ ብቻ የቀረ ሕግ ፈላጊውን አላጠፋውም።

ለወርቃማዋ ትልቁ ጠላት ንግዱ አይደለም። ጫካው ነው የሚያልቅባት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አደጋ ላይ ካሉት መድቧታል። ወንዞቹ ዳር ሕገ ወጥ የወርቅ ቁፋሮ አለ፤ ወርቁን ለመለየት የሚጠቀሙበት ሜርኩሪ ውሃውን ይመርዛል። ዛፍ ይቆረጣል፣ ኮካ ይዘራል። ፕሮአቬስ የሚባለው የኮሎምቢያ ድርጅት ቲምቢኪ አካባቢ በስሟ የተሰየመ ትንሽ የጥበቃ ቦታ አቋቁሟል። ጥሩ ነው፤ አይበቃም። ሳጥን ውስጥ ያሉት ሺህ ቢሞሉ የጫካዋን አይተኩም፤ መርዙ የሚመጣው ከዚያ መሬት፣ ከዚያ ቅጠል ሥር ካሉት ነፍሳት ነውና።

ልጅዎ «ምን ይጠቅማል?» ብሎ ከጠየቀ ይህን ይንገሩት። ዴሊ በ1974ና በ1976 ኢኳዶር ውስጥ ከሌላ ትንሽ እንቁራሪት አንድ ንጥረ ነገር ሰበሰበ። ኤፒባቲዲን ተባለ። በአይጥ ላይ ሲሞከር ሕመምን በመግደል ከሞርፊን 200 ጊዜ ገደማ በለጠ፤ የሚሠራውም በሌላ መንገድ ነው። ያገኘው መጠን በጣም ጥቂት ስለነበር፣ መሣሪያው እስኪሻሻል ጠብቆ አወቃቀሩን ያሳወቀው በ1992 ነው። ራሱ መርዛማ ስለሆነ መድኃኒት አልሆነም። አቦት የተባለው ኩባንያ በእሱ ተነሥቶ የሠራው ሌላ መድኃኒት ሰዎች ላይ ሲሞከር ማቅለሽለሽና ማስመለስ ስለበዛበት ተተወ። ባትራኮቶክሲን ደግሞ የነርቭ በሮችን ለሚያጠኑ ሁሉ ዋና መሣሪያ ነው። በ2016 ስታንፎርድ ውስጥ የጀስቲን ዱቦይስ ቡድን ሙሉ በሙሉ በቤተ ሙከራ ስለሠራው አሁን ለዚህ ብሎ እንቁራሪት መግደል አያስፈልግም።

ለመግዛት ከወሰኑ እንዲህ ያድርጉ። የት፣ መቼና ከየትኞቹ ወላጆች እንደተፈለፈለች የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ። ከውጭ የገባች ከሆነች የሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ሊኖራት ይገባል፤ ዝርያዋ በዚህ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ከ1987 ጀምሮ አለች። ሻጩ ወረቀቱን ካመነታ፣ ወይም ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ ከወረደ፣ ይተዉት። ትንንሾቹን፣ ገና ጥቁሩ ያልለቀቃቸውን መምረጥ ይሻላል፤ ቤት ውስጥ የተፈለፈሉ መሆናቸው የሚታመነው የእነዚህ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ተንከባካቢዋ እርስዎ መሆንዎን ከአሁኑ ይወቁት።

መርዝ ባይኖራትም በእጅ አይያዟት። የእንቁራሪት ቆዳ ስስ ነው፤ ከእጃችን ያለው ጨው፣ ቅባትና ሳሙና ይጎዳታል። ለእናንተም ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ አለ። ሳጥኑን ከነካካ በኋላ ልጁ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

የመጨረሻው ማሳሰቢያ ስለ ቆሻሻ ውሃው ነው። ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ፤ የእንቁራሪቶችን ቆዳ አጥቅቶ ይገድላል። በ2019 በወጣ ጥናት በዓለም ላይ ቢያንስ 501 ዝርያዎች በእሱ ምክንያት እንደቀነሱ፣ 90ዎቹም እንደጠፉ ተገምቷል። በኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል። ዋናው የመዛመቻው መንገድ የእንስሳት ንግድ ነው። ስለዚህ ከሳጥኑ የወጣ ውሃም ሆነ ቅጠል ግቢ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ አይድፉ። ውሃውን በበረኪና ካቆዩት በኋላ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ፣ ቅጠሉንና አፈሩን ደግሞ በፌስታል አስረው ወደ ቆሻሻ መጣያ ያስገቡ።